«ኤክሰለንት» ሲባል፣ ከማን?

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አጠገብ በምሠራበት የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ውስጥ «ኤክሰለንት» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ደጃፋችንን ሳይረግጥ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ተመራቂው የትምህርት ማስረጃውን ሊያስተረጉም ሲመጣ ቃሉ ከወረቀቱ ግርጌ ተጽፎ ይገኛል፤ ቡና ላኪ ዘንድ የምትሠራ ወጣት በምታመጣው የቅምሻ ቅጽ ላይ አለ፤ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው በሚያቀርበው የእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ አለ፤ የሥራ ውሉ ያለቀበት የፕሮጀክት ሠራተኛ ይዞት በሚመጣው የድጋፍ ደብዳቤ ላይም አለ። በአራቱም ወረቀቶች ላይ የተጻፈው ያው አንድ ቃል ነው። በአራቱም ላይ አንድ ዓይነት የአማርኛ ቃል ባስቀምጥ ግን ቢያንስ ሁለቱን አበላሻለሁ። ይህን ያወቅሁት አንዱን አበላሽቼ ስለሆነ፣ ታሪኩን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በትምህርት ቤት የተሰጠን ፍቺ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ነው። ይህ ፍቺ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን የቃሉ ትርጉም ሳይሆን ቃሉ በመሰላል ላይ የሚቆምበት ቦታ ነው። እንግሊዝኛው በመጠይቅና በምዘና ቅጾች ላይ «ጉድ»፣ «ቬሪ ጉድ»፣ «ኤክሰለንት» እያለ ሲወጣ (የመጀመሪያው ቃል በእኛ ዘንድ ሌላ ነገር መሆኑን ለጊዜው ትተን)፣ ተርጓሚዎች ሦስቱን እርከኖች «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው አስቀመጧቸው። በዚህ አሠራር ከታች እስከ ላይ ያለው ቃል አንድ «ጥሩ» ብቻ ሲሆን፣ ከፍ የሚያደርገው ከፊቱ የሚጫንለት ማጉያ ነው። እንግሊዝኛው ግን ሦስተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ጥሩነትን የሚናገረውን ቃል ጨርሶ ይተወዋል። በ«ኤክሰለንት» ውስጥ «ጥሩ» የሚል ፍቺ ያለው ክፍል አናገኝም።

የቃሉ መነሻ ላቲን ነው። «ኤክስ» የሚለው ቅጥያ «አልፎ፣ ወጥቶ» ማለት ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ግሥ ከፍ ማለትንና መነሣትን ያመለክታል፤ «ኬልሱስ» የሚለው የላቲን ቅጽልም ከፍ ያለ፣ ረጅም ማለት ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ከሌላው አልፎ ከፍ ማለትን ይሰጣሉ። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ በ14ኛው መቶ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ግሡ ዛሬም በየቢሮው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበውና የደመወዝ ዝርዝር የምንሠራበት «ኤክሴል» የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ግሥ ነው፤ ላቀ፣ በለጠ እንደ ማለት።

እንግዲህ ቃሉ በመሠረቱ የማወዳደሪያ ቃል ነው። አንድ ነገር አልፎ ወጣ ከተባለ፣ የታለፈ ሌላ ነገር መኖሩ የግድ ነው። እንግሊዝኛ በረጅም ዘመን አጠቃቀም ይህን የታለፈውን ወገን ጣለውና ዛሬ ቃሉ ብቻውን ይቆማል፤ «ኤክሰለንት» ሲባል ሰሚው «ከማን?» ብሎ አይጠይቅም። አማርኛ ግን አሁንም ይጠይቃል። «የላቀ» ወይም «የበለጠ» ብለን ስንናገር ከፊቱ «ከ» የሚል መስተዋድድ ይጠበቃል፤ ከጓደኞቹ፣ ከአምናው፣ ከተጠበቀው። የእንግሊዝኛውን ቃል ወደ አማርኛ የማምጣት ችግር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ቃሉን በትክክል ለመተርጎም እንግሊዝኛው የጣለውን ጥያቄ መልሶ ማንሣት ያስፈልጋል።

የዚህ ሐሳብ ማስረጃ ለጅማ ሰው ሩቅ አይደለም፤ የክፍል ስም ጥሪ መስማት ይበቃል። በለጠ የሚባል ልጅና ጫላ የሚባል ልጅ በአንድ ወንበር ቢቀመጡ፣ ወላጆቻቸው በሁለት ቋንቋ አንድ ስም አውጥተውላቸዋል። በአፋን ኦሮሞ «ጫሉ» መብለጥ ነው፤ ጫላ የበለጠው፣ ጫልቱ የበለጠችው ማለት ነው። አማርኛም በለጠንና በለጠችን በስምነት ይዟል። ከላቲኑ መነሻ ጋር በቀጥታ የሚገጥመው እነዚህ ስሞች እንጂ «እጅግ በጣም ጥሩ» አይደለም። (ወደ ጅማ አዲስ የመጣ አማርኛ ተናጋሪ በገበያ ውስጥ «ጋሪ» ሲባል ሰምቶ የሚጎተተውን ጋሪ ሲፈልግ አይቻለሁ፤ በአፋን ኦሮሞ ጥሩ ማለት ነው።)

አሁን ወደ ወረቀቶቹ እንምጣ፤ በመጀመሪያ ወደ ትምህርት ማስረጃው። በሀገራችን የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ውስጥ ሲሠራበት በኖረው ልማድ «ኤ» ኤክሰለንት፣ «ቢ» ጉድ፣ «ሲ» ደግሞ «ሳቲስፋክቶሪ» ተብሎ በማስረጃው ላይ ይፈታል። አንድ ቀን አንድ አዛውንት የልጃቸውን ማስረጃ ይዘው መጡና በአማርኛ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። «ሲ» ያለባቸውን ትምህርቶች «አጥጋቢ» እያልሁ ሳነብ ፊታቸው እየፈካ ሄደ። «ቢ» ላይ ደርሼ «ጥሩ» ስል ግን ቅር አላቸው።

«ልጄ፣ ይሄኛው ለምን ዝቅ አለበት?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዝቅ ያለው ያኛው ነው፤ አጥጋቢ ያልሁት ከጥሩ በታች ነው» ብዬ መለስሁላቸው።

«ያጠገበ ነገር እንዴት ከጥሩ ያንሳል?»

አዛውንቱ በአማርኛ አልተሳሳቱም። ለእኛ «አጥጋቢ» ከጥጋብ የመጣ ቃል ስለሆነ ሙሉነትን ያሰማል፤ በልቶ የጠገበ ሰው ከዚያ በላይ የሚጠይቀው የለም። እንግሊዝኛው ግን በምዘና ቅጽ ላይ ሲጽፈው «ይበቃል፣ ያሳልፋል» ለማለት እንጂ ለማመስገን አይደለም። በመሰላል ላይ የተቀመጠ ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው ከላይና ከታች ካሉት ጎረቤቶቹ እንጂ ከራሱ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ስለዚህ በትምህርት ማስረጃ ላይ «ኤክሰለንት»ን «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ መተርጎም ተገቢ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ቃሉ «ከማን?» የሚል ጥያቄ የለውም፤ መልሱ እርከኑ ብቻ ነው። «የላቀ» ብል ተማሪው የክፍል ጓደኞቹን ሁሉ የበለጠ ያስመስለዋል፤ ክፍሉ በሙሉ «ኤ» አግኝቶ ሊሆን እንደሚችል ግን ማስረጃው አይነግረኝም።

የቡናው ወረቀት ከዚህ ይበልጥ ይራቀቃል፤ ደግሞም ጅማ ላይ ተቀምጦ ስለ ደረጃና ስለ ጥራት የሚጽፍ ሰው ቡናን ሳያነሣ ቢያልፍ ያስወቅሰዋል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው የልዩ ጣዕም ቡና የቅምሻ ቅጽ ላይ ቀማሹ አሥር ነገሮችን ይመዝናል፤ ከእነዚህም መካከል መዓዛ፣ ጣዕም፣ ከተዋጠ በኋላ በአፍ የሚቀረው ቅምሻ፣ ኮምጣጣነት፣ ውፍረትና ሚዛን ይገኛሉ። ለእያንዳንዳቸው እስከ 10 ነጥብ ይሰጥና ድምሩ ከ100 ይታሰባል። በቅጹ ራስጌ ላይ 6 «ጉድ»፣ 7 «ቬሪ ጉድ»፣ 8 «ኤክሰለንት»፣ 9 «አውትስታንዲንግ» ተብሎ ተጽፏል። በድምሩም እንዲሁ ነው፤ 80 ያልሞላ ቡና ልዩ ጣዕም አይባልም፤ ከ80 እስከ 85 ያለው «ቬሪ ጉድ»፣ ከ85 እስከ 90 ያለው «ኤክሰለንት»፣ 90 እና ከዚያ በላይ ያገኘው «አውትስታንዲንግ» ይባላል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፣ በተራ እንግሊዝኛ «ኤክሰለንት» እና «አውትስታንዲንግ» እኩዮች መሆናቸውን ነው። መዝገበ ቃላት አንዱን በሌላው ይፈታል፤ አንድ አስተማሪም በተማሪው ደብተር ላይ ሁለቱን እያፈራረቀ ቢጽፍ የሚጠይቀው የለም። የቅምሻው ቅጽ ግን በመካከላቸው ግድግዳ አቆመ። 89 ነጥብ ያገኘን ቡና «አውትስታንዲንግ» ብሎ የላከ ነጋዴ ቋንቋ አሳመረ አይባልም፤ ነጥብ ጨመረ ነው የሚባለው። ስለዚህ ያቺ ወጣት ወረቀቱን ስታመጣ «ኤክሰለንት» የሚለውን «ከሁሉ የላቀ» ብዬ ልተረጉመው አልችልም፤ ከእርሱ በላይ ሌላ እርከን አለና። በዚያ ቅጽ ላይ 7ን «በጣም ጥሩ»፣ 8ን «እጅግ በጣም ጥሩ»፣ 9ን «የላቀ» ብዬ አስቀመጥሁ። «የላቀ» የሚለው እዚህ ትክክለኛ ቦታውን ያገኘ ይመስለኛል፤ ከማን ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከስሩ በቅጹ ላይ ተደርድሯልና።

ቅምሻው ራሱ ሲካሄድ ላየ ሰው ግን ቃላቱ ሁሉ ከድምፅ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ለእያንዳንዱ ናሙና አምስት ስኒ ይደረደራል፤ በ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ገደማ የተፈጨ ቡና ይገባል፤ የፈላው ውኃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈስስበታል። አራት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ቀማሹ ከላይ የሰፈፈውን በማንኪያ ጀርባ ይሰብርና አፍንጫውን አስጠግቶ ያሸታል። ከዚያ ማንኪያውን ወደ አፉ ሲወስድ ያሰማው ድምፅ እናቴ ቤት ቢሆን ኖሮ በጥፊ የሚያስመታ ነበር፤ በቅምሻ ክፍል ውስጥ ግን ፉት ማለት ነውር አይደለም፤ ፈሳሹ በምላስ ላይ እንዲበተን የሚደረግ ሥራ ነው። ቀማሹ ይተፋዋል፤ ዝም ብሎም ይጽፋል፤ 8.25። ቃሉን የሚያስገቡት እኔና ላኪው ነን።

የከተማችን ስም የተሸከመው ንግድ ደግሞ ይህን መሰላል ገልብጦ ይጠቀማል። በዓለም ገበያ «ጅማ 5» ተብሎ የሚታወቀው ያልታጠበ ቡና ቁጥሩ የደረጃ ቁጥር ነው፤ በኢትዮጵያ የኤክስፖርት ደረጃ አሰጣጥ 1 ከላይ ሲሆን ቁጥሩ እያደገ ሲሄድ በናሙናው ውስጥ የሚገኘው ጉድለት እየበዛ ይሄዳል። በቅምሻው ቅጽ ላይ ቁጥር ሲጨምር ጥራት ይጨምራል፤ በደረጃው ላይ ቁጥር ሲጨምር ጥራት ይቀንሳል። ይህን ያልለየ ገዢ «አምስተኛ ደረጃ» ሲባል ከአምስት አምስት ያገኘ ይመስለዋል። በሌላ በኩል ከአጋሮና ከጌራ አካባቢ ታጥቦ የሚወጣ ቡና በቅምሻ ከ85 በላይ ሲያገኝ ያዩ ሰዎች «የጅማ ቡና» የሚለውን ስም ከ5 ቁጥር ጋር ብቻ ማያያዝ እንደማይገባ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በብራዚል የተጀመረውና በ2020 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ውድድርም ስሙ «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» ነው፤ ዜና አንባቢዎች ስሙን ሳይተረጉሙ ማለፋቸውን እደግፋለሁ። «የልህቀት ስኒ» ቢሉት ኖሮ የስኒ ማስታወቂያ ይመስል ነበር።

ሦስተኛው ወረቀት እኔን ያሳፈረኝ ነው። አንድ ሰው ያገለገለ ጄኔሬተር ሊሸጥ የእንግሊዝኛ መግለጫ ይዞ መጣ፤ መግለጫው ማሽኑ «ኤክሰለንት» በሆነ የሥራ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ይናገራል። እኔም አማርኛው እንዲያምር ብዬ «እንከን የሌለው» ብዬ ጻፍሁ። ከሳምንት በኋላ ገዢው ያን ወረቀት አጥፎ በኪሱ ይዞ መጣ። ጄኔሬተሩ ይሠራል፤ ነገር ግን የነዳጅ ጋኑ አንድ ጎኑ ተበይዷል፤ ሽፋኑም ተጎድቷል። «እንከን የሌለው ያልኸው አንተ ነህ ወይስ እርሱ?» አለኝ። ሻጩ በእንግሊዝኛው አልዋሸም፤ ማሽኑ በጥሩ ይዞታ ላይ ነበር። የዋሸው የእኔ አማርኛ ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ የትርጉም ክፍያዬንም መለስሁ።

ስሕተቱ በሁለት የተለያዩ ሐሳቦች መካከል ነበር። ልቀት አንድ ነገር ነው፤ ፍጹምነት ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ለሁለተኛው «ፐርፌክት» የሚል ቃል አለው፤ ይህም ከላቲን ሲመጣ እስከ ፍጻሜው የተሠራ ማለት ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ ወለል ብሎ ይገጥማል፤ «ፍጹም» የመጣው ከ«ፈጸመ» ነው፤ ተሠርቶ ያለቀ፣ የሚጨመርበት የሌለ። ፍጹም ነገር ጉድለት አይኖረውም። ኤክሰለንት የሆነ ነገር ግን ጉድለት ሊኖረው ይችላል፤ 85 ነጥብ ያገኘው ቡና 15 ነጥብ ጎድሎታል፤ ሆኖም ስሙን አላጣም። «እንከን የለሽ» የሚለውም የሚቆጥረው ጉድለትን እንጂ ብልጫን አይደለም፤ እንከን የሌለው ነገር ተራ ሊሆን ይችላል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በዕቃ ሽያጭ ወረቀት ላይ ቃሉ ሲመጣ «በጣም በጥሩ ይዞታ ላይ የሚገኝ» እላለሁ፤ ያምር እንደሆነ አይደለም፤ ነገር ግን ማንንም ፍርድ ቤት አያመላልስም።

የቃሉ ተመሳሳዮች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም ማንሣት አያስፈልግም። እኔ እነርሱን የምለያቸው እያንዳንዱ ቃል ሰውየው ምን ሆኖ እንደ ተናገረው በማየት ነው፤ ቃሉን የወለደው ከፍታ ነው ወይስ መለየት ነው ወይስ ፍርሃት?

ከፍታ የወለዳቸው ጥቂቶች ናቸው። «ሱፐርብ» ዛሬ ምስጋና ቢሆንም የላቲን አባቱ ትዕቢተኛ ማለት ነበር፤ ራሱን ከሌላው በላይ ያደረገ። «ፈርስት ሬት» የሚለው ደግሞ ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመጣ ነው፤ 100 እና ከዚያ በላይ መድፍ የሚሸከሙት ትልልቅ የጦር መርከቦች አንደኛ መደብ ይባሉ ነበር። «አንደኛ ነው!» የምንለው ለዚህ ቃል ከማንኛውም ፍቺ ይልቅ ይቀርባል።

ፍርሃት የወለዳቸው ግን የሚያስገርሙ ናቸው፤ «የሚያስገርሙ» ማለቴም ያለ ምክንያት አይደለም። «ቴሪፊክ» በ17ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አስፈሪ፣ የሚያርድ ማለት ነበር፤ ሽብርን ከሚገልጸው የላቲን ግሥ የተወለደ ስለሆነ ከ«ቴረር» ጋር ወንድማማች ነው። ወደ ምስጋና የዞረው ቆይቶ ነው። ይህን ለወጣቶች ስነግራቸው እንግሊዝኛ እንግዳ ቋንቋ ነው ብለው ይስቃሉ። እኔም «ግሩም» ከየት መጣ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። በግእዝ «ገረመ» አስፈራ፣ አስደነገጠ ማለት ሲሆን፣ ግሩም የሚያስፈራ፣ በፊቱ የሚንቀጠቀጡለት ነው። ንጉሥ «ግርማዊ» የተባለው፣ ጨለማም «ግርማ ሌሊት» የተባለው ከዚያው ሥር ነው። «ዕፁብ»ም በግእዝ አስቸጋሪና ከባድ ከማለት ተነሥቶ ነው «ዕፁብ ድንቅ» ላይ የደረሰው። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች አንድ መንገድ ሄደዋል፤ ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲያይ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ሲለምድ ምስጋና ይሆናል። ከዚህ የተነሣ አንድ ሰው «ግሩም ምግብ» ሲል ማንም አይፈራም። ይሁን እንጂ «ግሩም» እስከ ዛሬ ከሠንጠረዥ ጋር አይስማማም፤ የተናጋሪውን ስሜት ይናገራልና በምዘና ቅጽ ላይ ከ«በጣም ጥሩ» በላይ ያስቀመጠው ሰው አላየሁም፤ ባይም አልመክረውም።

መለየት የወለዳቸው ቤተሰቦች ትልልቆች ናቸው፤ ወጥመድም ያለው እዚያ ነው። «አውትስታንዲንግ» ከመሐል ወጥቶ የቆመ ነው፤ «ኤክሴፕሽናል» ከመሐል የተነጠለ ነው፤ «ዲስቲንጉዊሽድ» ተለይቶ የታወቀ ነው። አማርኛ ለእነዚህ «ልዩ» እና «ምርጥ» አሉት፤ አንዱ ከመለየት፣ ሌላው ከመምረጥ። ነገር ግን ተለይቶ መቆም ሁልጊዜ ለበጎ አይደለም። እንግሊዝኛው «ኤግሪጅየስ» የሚል ቃል አለው፤ መነሻው ከመንጋው የወጣ ማለት ሲሆን ጥንት ለምስጋና ይውል ነበር፤ ዛሬ የሚውለው ግን ለከፋ ስሕተትና ለከፋ በደል ብቻ ነው። እኛም «የለየለት» እንላለን፤ የለየለት ሌባ፣ የለየለት ውሸታም። ቃል በቃል «ዲስቲንጉዊሽድ» ነው፤ አንድም ሰው ግን በጡረታ መሸኛው ላይ «የለየለት መምህር» ተብሎ እንዲጻፍለት አይፈልግም። «ብልጥ»ም ከ«በለጠ» ወጥቶ ወደ አታላይነት ያዘነበለ ቃል ነው።

«አውትስታንዲንግ» ሌላም ተንኮል አለበት። ከባንክ በሚመጣ ወረቀት ላይ ቃሉ ያልተከፈለና ቀሪ ማለት ነው፤ ተለይቶ የቆመው ዕዳው ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በመጀመሪያ ወሩ ላይ እንዲህ ያለውን ወረቀት «የላቀ ብድር» ብሎ ተርጉሞት ነበር። ተበዳሪው ሲያነብ ለጥቂት ጊዜ ደስ ብሎት ነበር።

ስለ ማዕረግ አጠራሩ ባጭሩ ልናገር። «ኤክሰለንሲ» አምባሳደርንና ርእሰ ብሔርን የሚያከብሩበት ስም ሲሆን በአማርኛ «ክቡር» ወይም «ክብርት» ነው፤ «ልቀትዎ» ብሎ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። እንግሊዝኛው በከፍታ ያከብራል፤ እኛ ከክብር በቀር ሌላ አንጨምርም። ከፍታውን በእኛ ዘንድ የያዘው «ልዑል» ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያከራክረኝ «ልህቀት» ነው። «ሴንተር ኦፍ ኤክሰለንስ» የሚለው አጠራር በየተቋሙ ሲስፋፋ በአማርኛ «የልህቀት ማዕከል» ተባለ፤ አሁን በዩኒቨርሲቲ በሮች ላይ ሳይቀር ይታያል። ግእዙ «ልህቀ» አደገ፣ ሸመገለ ማለት ነው፤ «ሊቅ» እና «ሊቃውንት» ከዚያው ናቸው፤ ልሂቅ ማለትም በመጀመሪያ ያደገው፣ ታላቁ ነበር። የአማርኛው «ላቀ»ም የዚያ ዘመድ ነው። ስለዚህ ላቲኑ ልቀትን በኮረብታ ሲመስለው፣ ግእዙ በዕድሜ መስሎታል፤ ታላቅ ወንድም ታላቅ እንደሚባለው ማለት ነው። ቃሉ ውብ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ተቋሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሩ ላይ መሰቀሉን ነው። «ልህቀት» ያለ ዕድሜ አይመጣም የሚለው ነገር በቃሉ ሥር ውስጥ ተጽፎ ሳለ፣ ባለፈው ክረምት መሠረቱ የተጣለ ሕንፃ እንዴት ይለብሰዋል? እንግሊዝኛው እንኳ «ገና የሚደረስበት ግብ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ግእዙ አይችልም።

በንግግር ደረጃ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ መምህርት ልጁ በትክክል ሲመልስላት «ኤክሰለንት!» ትላለች፤ የእኛዋ «ጎበዝ!» ትላለች። እንግሊዝኛው መልሱን ያመሰግናል፤ አማርኛው ልጁን ያመሰግናል። ፊልም ተርጓሚዎች ይህን ሲዘነጉ ነው ልጅ ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ!» እያሉ የሚጮኹት። በቡና ሥነ ሥርዓት ላይም የአቦሉን ስኒ የተቀበለ ጎረቤት «ጥሩ ወጥቷል፤ እጅሽ ይባረክ» ይላል። እኔ ይህን ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስ ብጠየቅ «ኤክሰለንት» ብዬ እጽፋለሁ፤ ምንም እንኳ በአማርኛው ውስጥ «እጅግ» የሚል ቃል ባይኖርም።

የድጋፍ ደብዳቤው ይቀራል፤ እርሱ የሚመጣው በሁለቱም አቅጣጫ ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲሆን፣ አሠሪው ስለ ነርሷ «ኤክሰለንት» ነች ብሎ ከጻፈ፣ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቤ «ከማን?» የሚለውን ጥያቄ እፈልጋለሁ። አብረዋት የሠሩትን የሚያነሣ ዐረፍተ ነገር ካለ «ከባልደረቦቿ የላቀች» እላለሁ፤ ከሌለ «በሙያዋ እጅግ የተመሰገነች» ብዬ አልፋለሁ። የማይታወቁ ሰዎችን ከእርሷ በታች ማድረግ የእኔ ሥራ አይደለም።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሆን ግን ጥያቄው ከደንበኛው ይመጣል። በቅርቡ አንድ የፋርማሲ ባለሙያ ለውጭ አገር ሥራ የሚያመለክትበትን ደብዳቤ ይዞ መጣ። መሥሪያ ቤቱ «የተሰጣቸውን ሥራ በአግባቡ ተወጥተዋል» ብሎ ጽፎለታል። እኔም በአግባቡ የሚለውን እንዳለ አስገባሁት። ጽሑፉን በኮምፒውተሩ ላይ አየውና «ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ኤክሰለንት አድርገው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያስጽፈው» አለኝ።

«በአማርኛው ላይ የለም» አልሁት።

«አለቃዬ ሲናገር ግን ይለኛል እኮ፤ ከሁላችንም ትበልጣለህ ይለኛል።»

«እንግዲያው እንደዚያ ብለው ይጻፉልሃ።»

ተቆጥቶ ወጣ፤ ሌላ ትርጉም ቤት የሄደ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን በባጃጅ ተመልሶ መጣ፤ ማኅተሙ ገና ያልደረቀ አዲስ ደብዳቤ ይዟል። «በክፍሉ ካሉት ባለሙያዎች በላቀ ብቃት» የሚለውን በጣቱ አሳየኝ። እኔም «ኤክሰለንት» ብዬ ጻፍሁለት።